ሽሪምፕ ፋሂታ በኢስሊ ቤታችን

ሱቃችን የሚሠራውን ልጅ «ገበያ ሂድና ሁለት ኪሎ ካምባ ገዝተህ ና» ብለን ሽልንግ ቆጥረን ሰጠነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ አንድ ጥቅል ሰማያዊ የናይለን ገመድ ትከሻው ላይ አድርጎ መጣ። «በኪሎ አይሸጥም አሉኝ፣ በሜትር ነው» አለን፣ የተረፈውን ገንዘብ እየመለሰ።

ጥፋቱ የእኛ ነው። በስዋሂሊ ካምባ ገመድ ነው፤ ያው ካምባ ደግሞ ሽሪምፕ ነው። ልጁ ከሞያሌ ከመጣ ገና አምስት ወሩ ነበር፣ ካምባ ሲባል የሰማውም ሱቃችን ውስጥ ዕቃ ሲታሰር ብቻ ነው። ሽሪምፕ ደግሞ ቤታችን ገብቶ አያውቅም፤ ከየት ያምጣው? ገመዱን ለቦንዳ ማሰሪያ አስቀመጥነውና እኛው ራሳችን መሃል ከተማ ወደሚገኘው ሲቲ ማርኬት ወረድን።

እኛ ባልና ሚስት ነን። ኢስሊ ሱቅ ከከፈትን አሥራ ስድስት ዓመት ሆኖናል። ከአዲስ አበባ በሞያሌ በኩል ነጠላ፣ ጋቢ፣ የሀበሻ ቀሚስ፣ በርበሬና ሽሮ እናስመጣለን፤ ከዚህ ጫማና አንሶላ እንልካለን። የባሕር ምግብና እኛ የምንገናኝበት መንገድ አልነበረም። ያደግነው ደጋ ነው፣ ዓሣ ማለት ለእኛ ሐዋሳ ስንሄድ የምንበላው ጉላሽ ነው።

ትልቋ ልጃችን ዲቪ ደርሷት ሂውስተን ከገባች ብዙ ዓመት አልፎ አምና በጥር ለመጀመሪያ ጊዜ ተመለሰች፣ ለሦስት ሳምንት። በመጣች በአራተኛው ቀን «እሑድ ሰው ጥሩ፣ ምግቡን ግን እኔ ነኝ የማበስለው» አለችን። እኛ በግ ልንገዛ አስበን ነበር። ምን ልትሠሪ ነው ብንላት «ሽሪምፕ ፋሂታ» አለች።

እማማ፣ የአንዳችን እናት ቢሆኑም የሁለታችንም እናት ሆነው አብረውን የሚኖሩት፣ ከወንበራቸው ሳይነሱ «እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ። ልጅቷ በስልኳ ሥዕሉን አሳየቻቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው ጥቂት አዩትና ስልኩን መለሱላት።

«የኔ ዓለም፣ ይሄ እኮ እግሩ ብዙ ነው።»

በኦርቶዶክስ ቤት ላደጋችሁ ይሄ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውኃ ፍጥረት በእኛ ዘንድ አይበላም፤ ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ላይ ያለው ነው። ዛሬ የሚበላው ብዙ ሰው አለ፣ ይበላል አይበላም ብሎ የሚከራከርም አለ። እማማ ግን አይከራከሩም፣ አይበሉም፣ አለቀ። እኛ መሃል ላይ ነን። ከሁለታችን አንዳችን ሞምባሳ ለዕቃ ሄደን ቀምሰን እናውቃለን። የትኛችን እንደሆንን እማማ ይህን ጽሑፍ ሊያስነብቡ ስለሚችሉ አንናገርም።

ልጅቷ ግን አስባበት ነበር። «ለእማማ በበሬ ሥጋ እሠራላቸዋለሁ። በሌላ መጥበሻ፣ በሌላ ቢላ፣ በሌላ መክተፊያ። እንዲያውም እውነተኛው ፋሂታ የእሳቸው ነው» አለች።

እንዴት እንደሆነ ቅዳሜ ማታ ሽሪምፑን እየላጠች ነገረችን። ፋሂታ የድንበር ምግብ ነው። የተወለደው ሪዮ ግራንዴ ወንዝ ግራና ቀኝ፣ ቴክሳስና ሜክሲኮ በሚዋሰኑበት የከብት አገር ነው። ከብት አርቢዎቹ ሲያርዱ ጥሩ ጥሩውን ለገበያ ያወጡና ጭንቅላቱን፣ ቆዳውን፣ የሆድ ዕቃውንና ከጎድን አጥንት ሥር ያለውን አንድ ቀጭን ሥጋ ለሜክሲካውያን እረኞች የደመወዛቸው አካል አድርገው ይሰጧቸው ነበር። ያ ቀጭን ሥጋ ሳንባን ከሆድ ዕቃ የሚለየው ጡንቻ ነው። ረጅም፣ ጠፍጣፋና ክረ ብዙ ስለሆነ ካላወቁበት ይጠነክራል። እረኞቹ በፍም ይጠብሱትና ክሩን አቋርጠው በስሱ እየቆረጡ በቂጣ ጠቅልለው ይበሉታል። በስፓኒሽ ፋሃ መቀነት ነው፤ ፋሂታ ደግሞ ትንሿ መቀነት። ሥጋው መቀነት ስለሚመስል ነው።

እማማ ይሄን ሲሰሙ እጃቸው ወደ ወገባቸው ሄደ። እዚያ የታሰረውን ገንዘብ እኛም አናውቀውም።

ወደ ገበያ የወጣው ዘግይቶ ነው። በ1969 ሰኒ ፋልኮን የሚባል የሥጋ ነጋዴ ከኦስቲን በስተደቡብ ካይል በምትባል ከተማ በበዓል ቀን ዳስ ተክሎ ፋሂታ ሸጠ። በ1973 ደግሞ ባሏ የሞተባት የአምስት ልጆች እናት ኒንፋ ሎሬንዞ ሂውስተን ውስጥ የቶርቲላ ፋብሪካዋ አልሄድ ሲላት እዚያው ፋብሪካው ውስጥ አሥር ጠረጴዛ ዘርግታ ያንን ሥጋ በቶርቲላ ማቅረብ ጀመረች። ከዚያ በኋላ ስሙ ከሥጋው በላይ ገበያ አገኘ። የዶሮ ፋሂታ፣ የአትክልት ፋሂታ፣ የሽሪምፕ ፋሂታ መጣ። ቃል በቃል ካያችሁት የሽሪምፕ መቀነት ማለት ትርጉም የለውም። ግን እኛስ የዓሣ ዱለት እንል የለ?

ታሪኩን ስታወራ እኛ የምናየው እጇን ነበር። አንዱን ሽሪምፕ በአውራ ጣቷ ከእግሮቹ ሥር ትገባና በአንድ ጊዜ ቅርፊቱን ታወልቀዋለች፣ በቢላ ጫፍ ጀርባውን ታስነካዋለች፣ ጥቁሩን ክር (አንጀቱ ነው) ስባ ታወጣለች፣ በረዶ ያለበት ሳህን ውስጥ ትጥለዋለች። እኛ እናግዝሽ ብለን ጀምረን አምስት ሳንጨርስ እሷ አንዱን ከረጢት ባዶ አድርጋዋለች። ሁለት ኪሎውን በሃያ ደቂቃ ገደማ ጨረሰችው፣ ያውም እያወራች፣ ዓይኗን ቴሌቪዥኑ ላይ አድርጋ።

እጅጌዋን ሰብስባ ስለነበር ክንዷም ታየን። ከእጅ አንጓዋ እስከ ክርኗ እንደ መሰላል የተደረደሩ የቃጠሎ ጠባሳዎች፤ አንዳንዱ ነጭ ሆኗል፣ አንዱ ገና ቀይ ነው።

ነጋዴ የሰው እጅ ያያል። ገንዘብ ሲቆጥር፣ ጨርቅ ሲዳስስ አይተን ማን ምን እንደሚሠራ ብዙ ጊዜ አንስትም። «ሆስፒታል ውስጥ እንዲህ ሽሪምፕ ይላጣል እንዴ?» አልናት። ቀልድ ልናስመስለው ፈልገን ነበር።

ቢላውን አስቀመጠች። እጇን ታጠበች፣ አደረቀች። «ሆስፒታል ሠርቼ አላውቅም» አለች።

በገባች በሁለተኛው ወር ነው ምግብ ቤት ዕቃ ማጠብ የጀመረችው። ነርስነት ለመማር ተመዝግባ ነበር፤ አንድ ሴሚስተር ከፈለች፣ ሁለተኛው አልሆነም፣ ምክንያቱም በዚያው ወራት ለታናሽ ወንድሟ ትምህርት ቤት ክፍያ አስፈልጎን ነበር። ከዕቃ ማጠብ ወደ መክተፍ፣ ከመክተፍ ወደ መጥበሻው ተዛወረች። ምግብ ቤቱ በሂውስተን ትልቁ የሕክምና ሰፈር አጠገብ ስለነበረ በስልክ «ሆስፒታሎቹ አካባቢ ነው የምሠራው» ስትለን ውሸት አልነበረም። ነርስ የሚለውን ቃል አንድም ቀን ከአፏ አላወጣችም። እኛ ነን የጨመርነው። በመጀመሪያ ለአከራያችን ነገርነው፣ ከዚያ ለማኅበራችን፣ ከዚያ ለሁሉም። ስትሰማ ለምን አላረምሽንም አልናት። «ደስ ብሏችሁ ነበር» አለች።

ከዚያ ያላወቅነውን ሌላ ነገር ነገረችን። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሳነውም ስለ እሱ ነው።

ሜይ 2020ን ኢስሊ የነበራችሁ አትረሱትም። መንግሥት ሰፈራችንን ዘጋው፤ መግባትም መውጣትም የለም፣ ገበያው፣ ሞሉ፣ ምግብ ቤቱ ሁሉ ተቆለፈ። መጀመሪያ 15 ቀን ተባለ፣ ከዚያ እስከ ጁን መጀመሪያ ተራዘመ። ረመዳን ነበር። ከዒድ በፊት ያሉት ሳምንታት ለኢስሊ ልብስ ነጋዴ ምን ማለት እንደሆኑ እናንተ ታውቃላችሁ። ሞያሌ ደግሞ ድንበሩ ለሰው ከተዘጋ ሰንብቷል፣ ጭነት ብቻ ነው የሚያልፈው፣ እሱም ሹፌሩ ተመርምሮ፣ ወረፋ ጠብቆ። በዱቤ የወሰድነው የጥልፍ ቀሚስ ሱቅ ውስጥ ተቆልፎበታል። የሁለት ወር ኪራይ አለብን። አዲስ አበባ ያለው አቅራቢያችን በየቀኑ ይደውላል። ዕቃውን በወረደ ዋጋ ለሌላ ነጋዴ አስረክበን ወደ አገራችን ልንመለስ ተነጋግረን ጨርሰን ነበር። ያን ሳምንት ልጃችን 2,400 ዶላር ላከችልን። ሱቁ ዛሬ ያለው በዚያ ገንዘብ ነው። «የነርስ ደመወዝ» ብለን ለአከራያችን የኮራንበት ገንዘብ ነው።

ለካ ያኔ እሷም ሥራ አልነበራትም። ቴክሳስ ውስጥ ምግብ ቤቶች ከማርች ጀምሮ ሰው ማስቀመጥ ተከልክለው ተሸክሞ ለሚሄድ ብቻ ነበር የሚሸጡት፤ በሜይ መጀመሪያ ሲፈቀድላቸውም ሩብ ያህል ሰው ብቻ ነው። እሷን በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነበር የሚጠሯት። ገንዘቡ የመጣው ከታንዳ ነው።

ታንዳ ዕቁብ ነው። ሶማሌ ጎረቤቶቻችን ሀግባድ ወይም አዩቶ የሚሉት፣ ኬንያውያን በቻማ ውስጥ ሜሪ ጎ ራውንድ የሚሉት፣ ያው እሱ ነው። ወጥ ቤት ውስጥ የሚሠሩ ሜክሲካውያን አሥራ ሁለት ሆነው በየሁለት ሳምንቱ 200 ዶላር ይጥላሉ፣ በተራ አንድ ሰው 2,400 ይወስዳል። ልጃችንን አስገብተዋታል። «እንዴት እንደሚሠራ ሊያስረዱኝ ሲጀምሩ፣ እናቴ የዕቁብ ዳኛ ናት አልኳቸው» አለችን። የእሷ ተራ አሥራ አንደኛ ነበር። አራተኛው ተራ የአንዲት ከእሷ በሃያ ዓመት የምትበልጥ ጠባሽ ነው፣ ከሬይኖሳ የመጣች። ሬይኖሳ የእነሱ ሞያሌ በሏት፤ ወንዙን ስትሻገሩ ቴክሳስ ናችሁ። የሴትየዋ እናት በወጣትነታቸው ድልድዩን በእግራቸው እየተሻገሩ ያገለገለ ልብስ አምጥተው ይሸጡ ነበር። ቦንዳ ነጋዴ ማለት ነው።

ልጃችን የእኛን ስልክ ሰምታ ዕቃ ማስቀመጫው ጓዳ ውስጥ ስታለቅስ ያገኘቻት እሷ ናት። ጠየቀቻት። «ሱቃቸው ሊዘጋ ነው» አለቻት። ሴትየዋ ሌላ አልጠየቀችም፤ ዳኛዋ ዘንድ ሄዳ ተራቸውን አቀያየረች። አራተኛውን ለልጃችን፣ አሥራ አንደኛውን ለራሷ። ያ ገንዘብ ግን ለእናቷ ዓይን ቀዶ ሕክምና የታሰበ ነበር። ከሦስት ወር በላይ ዘገየ።

እንግዲህ አንዲት የማናውቃቸው አሮጊት ሴት ሬይኖሳ ላይ ከሦስት ወር በላይ ሳያዩ ጠብቀውን ነው ኪራያችንን የከፈልነው። ይህን ለአምስት ዓመት ሳናውቀው ኖረናል። ያን ሌሊት ከሁለታችን ማንም አልተኛም።

እማማ ሁሉንም ከወንበራቸው ሆነው ሰምተዋል። ሲነሱ ልጅቷን ክንዷ ላይ፣ ጠባሳው ላይ ሳሟትና ወደ መኝታቸው ሄዱ።

እሑድ ስምንት ሰው ጠርተን ነበር። አሠራሩን እንነግራችኋለን፣ ምክንያቱም በዚያው ሰሞን የጠየቁን ብዙ ናቸው፤ ከዚያም በላይ እኛ ብቻችንን ስንሞክረው አበላሽተነዋል።

ሽሪምፕ ስትገዙ አሽቱት። የባሕር ሽታ ይሸት፣ የአሞኒያ ሽታ ካለው ጥላችሁት ሂዱ። የበረዶው ካርቶን ላይ 21/25 ወይም 31/40 የሚል ቁጥር ብታዩ በአንድ ፓውንድ ስንት ፍሬ እንደሚገባ ነው የሚናገረው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሽሪምፑ ትልቅ ነው። 21/25 ማለት በኪሎ ከ46 እስከ 55 ፍሬ ነው። ይሄን ያላወቀ ሰው ሻጩ ትንሹን በትልቁ ዋጋ ይሸጥለታል፤ እኛም በመጀመሪያው ቀን ሸጠውልናል። የአንድ ኪሎ ዋጋ ከሁለት ኪሎ የበሬ ሥጋ ይበልጥ ነበር።

የተላጠውን በንጹሕ ጨርቅ አድርቁት። ውኃ ካለው አይጠበስም፣ ይቀቀላል። ዘይት፣ የተፈጨ ነጭ ሽንኩርት፣ ከሙን፣ ጨው፣ ትንሽ የደረቀ ቀይ ቃሪያ። እማማ «በርበሬ ጨምሪበት እንጂ» ብለው ነበር፤ «ወጥ ይሆንብኛል» አለቻቸው። ሎሚውን ቀድማችሁ አትጨምሩ። ሎሚ የሽሪምፕን ሥጋ ያለ እሳት ያበስለዋል፣ ከዚያ መጥበሻ ላይ ሲወጣ እንደ ጎማ ይሆናል። ሎሚ ከእሳት ሲወርድ ነው።

ሽንኩርትና የፈረንጅ ቃሪያ፣ ቀዩም ቢጫውም አረንጓዴውም፣ በቁመቱ ይቆረጣል። ከባድ የብረት መጥበሻ ጭስ እስኪጀምረው ይግላል። መጀመሪያ አትክልቱ ይገባል፣ ጠርዙ እስኪጠቁር፣ ግን ሳይልፈሰፈስ፣ ከዚያ ይወጣል። ከዚያ ሽሪምፑ፣ ሳይደራረብ፣ በየተራ። በአንድ ጎን ሁለት ደቂቃ፣ በሌላው አንድ። ሲገባ ግራጫ ነው፣ ሲበስል ሮዝ ይሆናል። እንደ ማጭድ ሲጎብጥ በስሏል፤ እንደ ቀለበት ከተጠቀለለ አልፎበታል። ከዚያ አትክልቱን መልሳችሁ፣ ሎሚ ጨምቃችሁ፣ ብረቱ እየጮኸ ጠረጴዛ ላይ ማቅረብ ነው። ሸክላ ጥብስ ሲመጣ ሁሉም ዞሮ እንደሚያየው ነው የሚያዩት። ልጃችን ምሽት ላይ እንዲህ ያለ ብረት በአንድ ክንድ ላይ ሦስት ደርድራ ለአስተናጋጆች ታቀብል ነበር፤ የክንዷ መሰላል ከዚያ ነው።

ቶርቲላውን ከስንዴ ዱቄት፣ ከዘይት፣ ከጨውና ለብ ካለ ውኃ አቦካችው። ጎረቤታችን የቻፓቲ ምጣዷን አዋሰችን፣ ሲጋገርም ቆማ አየች። «ይሄ ቻፓቲ ነው፣ ዘይት የነፈጋችሁት» አለች። አጠገቡ የሚቀርበው ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያና የድንብላል ቅጠል በሎሚ ደግሞ እዚህ ናይሮቢ በየጥብስ ቤቱ የምታገኙት ካቹምባሪ ነው፣ ምንም አልተለየም። አቮካዶ ደግሞ እኛ ዘንድ ሞልቷል።

እኛ ልጅቷ ከሄደች በኋላ ስንሠራው ሽንኩርቱን እንደ ወጥ ቀስ አድርገን አቁላልተን፣ ሁሉንም በአንድ ላይ ጨምረን፣ ከድነን ተቀመጥን። ውኃ አውጥቶ ተንተከተከ። በእንጀራ በላነው፣ ስሙን ግን ፋሂታ ልንለው አልደፈርንም።

ወደ እሑዱ እንመለስ። የእማማ ሥጋ ቀድሞ ወጣ፣ በራሳቸው መጥበሻ። ሥጋ ሻጩ ያን ቀጭን ሥጋ ለማን እንደምንፈልገው አልገባውም ነበር፤ ለውሻ መስሎት በርካሽ ሰጠን። ልጅቷ ክሩን አቋርጣ ቆረጠችው፣ እማማ በእንጀራ ጠቅልለው በሉና «ጥብስ ነው» አሉ። ከእሳቸው አፍ ይሄ ምስጋና ነው። እንግዶቹ ግማሹ ከሥጋው፣ ግማሹ ከሽሪምፑ በላ። ማንም ማንንም አላየም።

ቡናው ሁለተኛው እንደደረሰ አንድ የማኅበር ወንድማችን ከኮቱ ኪስ የመድኃኒት ወረቀት አወጣ። «የኔ ልጅ፣ ነርስ መጥታልናለች ብዬ ነው። ይሄን የደም ግፊት ክኒን ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» አላት።

ልጃችን እኛን አየችን።

መልሱ የእኛ ነበር፣ እሷም ለእኛ ተወችው። ከሁለታችን አንዳችን አፋችንን ከፍተን ዘጋነው። ሌላችን ተናገርን። «ነርስ አይደለችም። አብሳይ ናት። ነርስ ያልናት እኛ ነን።» ከዚያ የታንዳውን ታሪክ ነገርናቸው፣ ሁሉንም፣ የሬይኖሳዋን እናት ዓይን ጭምር።

አብዛኞቹ በደግ ተቀበሉት። አንዷ እኅታችን አለቀሰች። ወንድማችን ግን ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ለካ ሁለተኛ ልጁን እዚሁ ናይሮቢ ነርስነት ያስገባት የእኛን ልጅ አይቶ ነው። ልጅቷ አልፈልግም፣ ሒሳብ ነው የምወደው ብትለው «የእነ እገሌን ልጅ አትመስዪም?» እያለ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲጨቃጨቃት ኖሯል። «እኔ ይሄን ልጄን ምን እላታለሁ?» አለን። መልስ አልነበረንም። በረካውን ሳይጠጣ ተነሳ።

ልጃችን ከሄደች በኋላ ሂውስተን የሚሄድ ሰው አግኝተን ሁለት ነጠላ ላክን፣ አንዱ ለሴትየዋ፣ አንዱ ለእናቷ። እማማ በላዩ አንድ የፈትል መቀነት ጨመሩበት፣ ከሣጥናቸው፣ ያልታጠቁትን። ልጃችን «ዕዳ የለባችሁም፣ ታንዳው እኮ ዞሮ ተዘግቷል» ብላን ነበር። የዕቁብ ዳኛ ለሆነ ሰው ይሄ ልክ ነው። ግን ላክነው። እናትየው ቀዶ ሕክምናው ተሳክቶላቸው ያያሉ፤ የጥለቱን ቀለም በስልክ አንድ በአንድ ጠርተው ነገሯት አሉ።

የማኅበር ወንድማችን ባለፈው ሳምንት ሱቅ መጣ። ሰላምታ ሰጠን፣ የእማማን ጤና ጠየቀ። አንድ ጋቢ አንስቶ ዳሰሰ፣ ዋጋ ጠየቀ፣ ነገርነው። ሳይከራከር ከፍሎ ወጣ። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ሳይከራከረን ከፍሎ አያውቅም።

ለመጪው እሑድ ደውለን ጠርተነዋል፤ «አያለሁ» ብሎናል። ሥጋ ሻጩ ያን ቀጭን ሥጋ እንዲያስቀርልን ነግረነዋል፣ ዘንድሮ ዋጋ ጨምሮበታል።